ሽልማቱ ለዘፈኑ፦ ከአንድ የልጆች የቴሌቪዥን ውድድር ታሪክ የምንማረው

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ለማኅበሩ ዓመታዊ በዓል የአባላት ልጆች የሚሳተፉበት የዘፈንና የግጥም ውድድር ይዘጋጅ፣ የመግቢያ ትኬት ይሸጥ፣ አንደኛ ለሚወጣው ልጅም ገንዘብ ይሸለም የሚል ሐሳብ ቀርቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የደገፉት እህቶች «ገቢ ያመጣልናል፤ ልጆቻችንም ሰው ፊት መቆም ይለምዳሉ» አሉ። የተቃወሙት ደግሞ «አንዱ ስቆ ዘጠኙ አልቅሶ የሚገባበት በዓል ምን ያደርግልናል?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ወገን እውነት ስለነበራቸው ነገሩ ሳይወሰን በይደር ቆየ።

የማኅበሩን ሂሳብ የምይዝ እንደመሆኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትኬቱና ስለ ደረሰኙ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ይኸው የእኛ ጥያቄ ከስልሳ ዓመት በፊት በሌላ አገር ተነሥቶ ጥሩ መልስ አግኝቶ እንደነበር ተረዳሁ። መልሱን የሰጠው በጣሊያን አገር የተጀመረ «ዜኪኖ ዶሮ» የተባለ የልጆች የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ነው። ጣሊያን ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አድዋና የአምስት ዓመቱ ወረራ ነው። የዚህ ውድድር ታሪክ ግን ከመሶሎኒ ውድቀት በኋላ ከጦርነትና ከችግር የወጣ ሕዝብ ልጆቹን እንዴት እንዳዘፈነና በዚያውም የተራበውን እንዴት እንዳሰበ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ ለመወያያ ይሆን ዘንድ ታሪኩን ባጭሩ ጽፌዋለሁ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ከፒኖኪዮ የመጣ ነው

የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭቱን የጀመረው በጥር 1954 ነው። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በየቤቱ አልነበረም። ሰው ቡና ቤት ወይም ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ ያይ ነበር። በዚህ አዲስ ነገር ላይ ለልጆች የሚሆን ዝግጅት ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ቺኖ ቶርቶሬላ የሚባል ወጣት ነበር። በ1927 የተወለደ የቲያትር ሰው ሲሆን ካባ ለብሶ «አስማተኛው ዙርሊ» በሚል ስም ልጆችን ያጫውት ነበር። በመላው ጣሊያን ያሉ ልጆች በትክክለኛ ስሙ ሳይሆን በዚሁ በአስማተኛው ስም ያውቁት ነበር።

ቶርቶሬላ የልጆች የዘፈን ውድድር ለማዘጋጀት ሲያስብ ስሙን የወሰደው ከፒኖኪዮ ታሪክ ነው። ካርሎ ኮሎዲ በጻፈው በዚህ የታወቀ መጽሐፍ የእንጨቱ ልጅ ፒኖኪዮ አምስት የወርቅ ሳንቲም ያገኛል። ለድሃው አባቱ ሊወስድለት ሲል ቀበሮና ድመት መንገድ ላይ ያገኙትና «ሳንቲሞቹን መሬት ውስጥ ብትቀብራቸው በአንድ ሌሊት ዛፍ ሆነው ብዙ ሳንቲም ያፈራሉ» ብለው ያሞኙታል። እርሱም አምኖ ይቀብራል፣ ገንዘቡንም ይበላል። በጣሊያንኛ «ዜኪኖ ዶሮ» ማለት ያ የወርቅ ሳንቲም ነው። የመጀመሪያው ውድድር በመስከረም 1959 በሚላኖ ከተማ ሲደረግም ዘፈኖቹ ከፒኖኪዮ ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ይህን ስም እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ሳየው ትንሽ ፈገግ ያሰኘኛል። በልጅ እጅ የገባ ገንዘብ ትልልቆቹ «እናብዛልህ» ብለው እንዴት እንደሚያጠፉት የሚናገር ተረት የልጆች ውድድር መጠሪያ ሆነ። የውድድሩ ሰዎች ግን ቀበሮና ድመቷ የሚገቡበትን ቀዳዳ ከመጀመሪያው የዘጉት ይመስላል። ይህንንም ያደረጉት በአንድ ቀላል ደንብ ነው።

ደንቡ

የ«ዜኪኖ ዶሮ» ደንብ ይህ ነው፤ የሚወዳደረው ዘፈኑ እንጂ ልጁ አይደለም። በየዓመቱ የዘፈን ደራሲዎች ለልጆች የሚሆን አዲስ ዘፈን ጽፈው ይልካሉ። ከመካከላቸው የተመረጡትን ልጆች አጥንተው በመድረክ ላይ ይዘፍኗቸዋል። በመጨረሻ አንደኛ የሚባለው ዘፈኑ ነው፤ ሽልማቱም የሚሰጠው ለዘፈኑ ደራሲዎች ነው። በዚህ የተነሣ ዘፈኑ ነጥብ ሳያገኝ የቀረበት ልጅ «ተሸነፍክ» አይባልም። ቢሸነፍ የተሸነፈው ቤቱ ተቀምጦ ግጥምና ዜማ ያወጣው ትልቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው የደንቡ ክፍል ዳኞቹን ይመለከታል። ዳኞቹ ራሳቸው ልጆች ነበሩ። ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዘው ይቀመጡና ዘፈኑ ሲያልቅ ነጥባቸውን ወደ ላይ ያነሡ ነበር። የሙዚቃ ባለሙያ ተቀምጦ «ድምፅህ ይሰበራል፣ አልመጣህም» ብሎ ልጅ ፊት የሚናገርበት ወግ አልነበረም። የአንድን የልጆች ዘፈን ጥሩነት ከልጅ በላይ ማን ያውቃል የሚል እምነት ነበራቸው።

በእኛ ስብሰባ ላይ የተነሣው ክርክር እዚህ ላይ ነው መልስ የሚያገኘው። ውድድሩ አልቀረም፤ ጉጉቱም፣ ጭብጨባውም፣ «ማን አንደኛ ይወጣ ይሆን?» የሚለው ጥያቄም አለ። የመሸነፉ ሸክም ግን ከልጁ ትከሻ ወርዶ ሊሸከመው በሚችለው ትልቅ ሰው ላይ ዐርፏል።

ከሚላኖ ወደ ቦሎኛ፦ ዘፈንና ሾርባ

ውድድሩ ሚላኖ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተካሄደ በኋላ በ1961 ወደ ቦሎኛ ከተማ፣ «አንቶኒያኖ» ወደተባለ ተቋም ተዛወረ። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ቁምነገር ይህ ነው።

አንቶኒያኖ የፍራንሲስካን መነኮሳት ተቋም ነው። አባ ኤርኔስቶ ካሮሊ የተባሉ መነኩሴ በ1950ዎቹ ያቋቋሙት ሲሆን ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ለድሆች ነፃ ምግብ የሚሰጥ መመገቢያ ቤት መክፈት ነበር። ጣሊያን ያን ጊዜ ከጦርነት የወጣች፣ ከተሞቿ በቦምብ የፈራረሱ፣ ሥራ ያጣና የሚላስ የሚቀመስ የሌለው ሰው የበዛባት አገር ነበረች። መነኮሳቱ መመገቢያ ቤቱን ብቻ ይዘው አልቀሩም። በዚያው ቦታ ቲያትርና የጥበብ ትምህርት አቋቋሙ። ቴሌቪዥን የልጆቹን ውድድር ወደዚያ ይዞ ሲመጣ በአንድ ግቢ በአንድ በኩል ድሃ ተሰልፎ ምሳ ይበላል፣ በሌላ በኩል ልጆች ይዘፍናሉ።

ለጋሾቻችንም ይህን ብታስቡልኝ ደስ ይለኛል። አንድ ምጽዋት የሚሰጥ ተቋም ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያስተዋውቀው የተራበ ሰው ፎቶግራፍ በማሳየት ነው። አንቶኒያኖ በአገሩ ሁሉ የታወቀው ግን በደስታ በኩል ነው። ጣሊያናዊ ሁሉ ስሙን ያወቀው ከልጅነት ዘፈን ጋር ነው፤ ስሙን ያወቀ ደግሞ ውሎ አድሮ መመገቢያ ቤቱን ማወቁ አይቀርም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከውድድሩ ጋር ተያይዞ ለበጎ አድራጎት ሥራዎች እርዳታ የሚሰበሰብበት አሠራር ተጀመረ። መመገቢያ ቤቱም እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። ድሃ ድህነቱን ለካሜራ ሳያሳይ ምሳውን ሲያገኝ፣ የሚሰጠውም ሰው ከሐዘኔታ ይልቅ በፍቅር ሲሰጥ፣ ሁለቱም ክብራቸው ይጠበቃል።

ማሪዬሌ ቬንትሬ

የዚህ ታሪክ ሰዎች እስካሁን ወንዶች ብቻ መስለው ይሆናል። ሥራውን በየዕለቱ ተሸክማ የኖረችው ግን አንዲት ሴት ናት።

ማሪዬሌ ቬንትሬ በ1939 በቦሎኛ ተወለደች። ፒያኖ የተማረች ሙዚቀኛ ነበረች። ውድድሩ በ1961 ወደ ከተማዋ ሲመጣ ከየቦታው ለሚመጡት ትንንሽ ልጆች ዘፈን የማስጠናቱ ሥራ ለእርሷ ተሰጣት። ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ሥራው ቀላል አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ የአራት ዓመት ልጅ ግጥም አንብቦ አያጠናም፤ በአፍ እየተነገረው፣ እየደጋገመ፣ እየተጫወተ ነው የሚይዘው። ከዚያም መብራትና ካሜራ ፊት ቆሞ ሳያለቅስ እንዲዘፍን ማድረግ ያስፈልጋል።

በ1963 ደግሞ ማሪዬሌ ተወዳዳሪዎቹን የሚያጅብ ትንሽ የልጆች መዘምራን ቡድን አቋቋመች። «ፒኮሎ ኮሮ» ይባላል፤ ትንሹ የመዘምራን ቡድን ማለት ነው። በጥቂት ልጆች የተጀመረው ይህ ቡድን ከጊዜ በኋላ ከውድድሩ እኩል ታወቀ። ቡድኑ የሠራው ትልቅ ነገር አለ። ብቻውን መሐል መድረክ ላይ የቆመ ልጅ ከጀርባው እኩዮቹ አብረውት ይዘፍናሉ። ቢረሳ እነርሱ ያስታውሱታል፤ ቢፈራ ድምፃቸው ይደግፈዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ማሪዬሌ ቡድኑን ከሠላሳ ዓመት በላይ መርታ በታኅሣሥ 1995 አረፈች። ከዚያ በኋላ መዘምራኑ በእርሷ ስም ተጠሩ፤ ዛሬም በዚሁ ስም ይዘምራሉ። መሪነቱንም የተረከበችው ሌላ ሴት፣ ሳብሪና ሲሞኒ ናት። መድረክ ላይ በካባና በአስማት ስም የታየው ቶርቶሬላ ነው። ልጆቹ ሳይፈሩ እንዲዘፍኑ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፒያኖ አጠገብ ያሳለፈችው ግን እርሷ ናት። በየማኅበሩ እንዲህ ያለች ሴት አለች፤ ድግሱ ሲያልቅ ስሟ ሳይጠራ ወንበር የምትሰበስብ። ማሪዬሌ ስሟ በመጠራቱ ደስ ይላል።

ዘፈኖቹ የት ደረሱ?

ደንቡ ለልጅ የሚያዝን መሆኑ ውድድሩን ደካማ አላደረገውም። በ1968 አንደኛ የወጣው «አርባ አራት ድመቶች» የተባለ ዘፈን ነው። ድመቶች ተሰልፈው ስለመሄዳቸው የሚናገር ሲሆን እስከ ዛሬ ጣሊያን ውስጥ የማያውቀው ሰው ማግኘት ይከብዳል። በዚያው ዓመት ገና አራት ዓመት ያልሞላት ክሪስቲና ዳቬና የተባለች ሕፃን ስለ አንዲት ትንኝ የሚናገር ዘፈን ዘፍና ዘፈኑ ሦስተኛ ወጣ። ክሪስቲና አንደኛ አለመሆኗ ምንም አልጎዳትም። ወደ ማሪዬሌ መዘምራን ገብታ እየዘመረች አደገች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በጣሊያን ቴሌቪዥን የሚታዩ የልጆች ካርቱን ፊልሞችን መግቢያ ዘፈን በመዝፈን የታወቀች አርቲስት ሆነች።

በ1969 የቀረበው «ጥቁር ድመት ነበር የፈለግኩት» የሚለው ዘፈን ደግሞ ባሕር ተሻገረ። ጃፓኖች ወደ ቋንቋቸው መልሰው በታንጎ ስልት ኦሳሙ ሚናጋዋ የተባለ የስድስት ዓመት ልጅ አዘፈኑት። ሸክላው ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። አንድ የልጆች ዘፈን ከቦሎኛ ተነሥቶ ቶኪዮ ድረስ ሄዶ እንዲህ መሸጡ በዘመኑ የሚያስገርም ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ውድድሩ ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ልጆችንና ዘፈኖችን መቀበል ጀመረ።

እርግጥ ደንቡ ብቻውን ሁሉን ነገር አይፈታም። ተመልካች ደራሲውን ሳይሆን ልጁን ነው የሚያየው፤ የሚወደውም ልጁን ነው። ሽልማቱ ለዘፈኑ ነው ቢባልም ዝናው ዞሮ ልጁ ላይ ማረፉ አይቀርም። ዝና ልጅ ላይ ሲያርፍ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት በዚያው ዘመን በሌላ አገር የሆነውን ማንሣት ያስፈልጋል።

ሌላው መንገድ፦ ሊና ዛቫሮኒ

በእንግሊዝ ቴሌቪዥን «ኦፖርቹኒቲ ኖክስ» የሚባል የተሰጥኦ ውድድር ነበር። ዕድል በር ስታንኳኳ እንደማለት ነው። አዘጋጁ ሂዩ ግሪን ይባል ነበር። ውድድሩ የትልልቅ ሰዎችም ቢሆን ልጆች ይገቡበት ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ የጭብጨባውን ኃይል የሚያሳይ መለኪያ ነበራቸው፤ አሸናፊውን የሚለየው ግን ተመልካች ከቤቱ በፖስታ የሚልከው ድምፅ ነው። እዚህ የሚወዳደረው ሰውየው ራሱ ነው። አሸናፊ የሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፤ እስኪሸነፍ ድረስ።

በ1974 መጀመሪያ ላይ ከስኮትላንድ ሊና ዛቫሮኒ የተባለች የ10 ዓመት ልጅ በዚህ መድረክ ቀረበች። ያደገችው በቢዩት ደሴት ላይ በምትገኝ ሮዘሴይ በተባለች ትንሽ ከተማ ሲሆን ቤተሰቦቿ ዓሣና የተጠበሰ ድንች የሚሸጡ፣ ዘራቸው ከጣሊያን የሆነ ሰዎች ነበሩ። ትንሽ አካል፣ ትልቅ ድምፅ ነበራት። አምስት ሳምንት በተከታታይ አሸነፈች። ያወጣችው አልበም በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ 8ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በዚያ አገር ከአሥሩ ከፍተኛ አልበሞች አንዱን ያስመዘገበች በዕድሜ ትንሿ ሰው ሆነች። በዚያው ዓመት አሜሪካ ሄዳ ፍራንክ ሲናትራ በተገኘበት መድረክ ዘፈነች። በኋላም የራሷ የቴሌቪዥን ዝግጅት ተሰጣት።

ከቤቷ ርቃ ለንደን በሚገኝ የመድረክ ጥበብ ትምህርት ቤት ስትማር፣ ከ13 ዓመቷ ጀምሮ ምግብ የመጥላት ሕመም ያዛት። አንዲት ሴት ልጅ ሰውነቷ የሚለወጥበት ዕድሜ ላይ ሆና በየጊዜው በመድረክ ልብስ ሰው ፊት መታየት የነበረባት መሆኑ ጭንቀት እንደሆነባት ተነግሯል። ሕመሙ ዕድሜዋን ሙሉ አልለቃትም። በኋለኞቹ ዓመታት ከመድረክ ርቃ በመንግሥት ድጎማ ትኖር ነበር። በጥቅምት 1 ቀን 1999 ካርዲፍ ከተማ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በገባባት የሳንባ ምች ሞተች። 35 ዓመቷ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ የቴሌቪዥን ውድድር ነው ማለት አይቻልም። ምግብ የመጥላት ሕመም መድረክ አይተው የማያውቁ ልጆችንም ይይዛል፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። በተጨማሪም በዚያው ዘመን ልጅ ሆነው መድረክ ላይ የወጡ ሌሎች ደኅና ኖረዋል። ነገር ግን ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልዩነቱ ይታያል። በቦሎኛ ልጁ ዘፈኑን ዘፍኖ ወደ ቤቱና ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ ከጀርባው መዘምራን፣ ከጎኑ ማሪዬሌ አሉ። በሌላው ግን አሸናፊነቱ ራሱ ልጅቷን በሳምንቱ መልሶ ያመጣታል፤ ከዚያም ከአገሯ ያወጣታል። የተሸነፈው ልጅ ቢያለቅስም እናቱ አባብላ ታስተኛዋለች። ያሸነፈችውን ልጅ የሚያባብላት ማን ነው? ስብሰባችን ላይ ስለ ዘጠኙ ተሸናፊዎች ብዙ ተናግረናል፤ ስለ አንዷ አሸናፊ ግን አልተናገርንም።

የልጅ ገንዘብ የማን ነው?

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አንደኛ ለወጣ ልጅ ገንዘብ ይሰጥ ስንል ያ ገንዘብ በማን ስም ገቢ ይሆናል? ማን ይፈርማል? ማን ያወጣዋል? ጥያቄው እንዲህ ሲቀመጥ ደረቅ ይመስል ይሆናል፤ ግን በዓለም ላይ ሕግ ያስወጣ ጥያቄ ነው።

ጃኪ ኩጋን በ1914 የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 ባወጣው «ዘ ኪድ» በተባለ ፊልም ላይ የተጣለውን ልጅ ሆኖ የሠራው እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ በዓለም የታወቀ ልጅ ሆነ፤ በልጅነቱ ያገኘው ገንዘብ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቷል። አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን እናቱና የእንጀራ አባቱ በቅንጦት አጥፍተውት አገኘ። በዘመኑ ሕግ ልጅ ሠርቶ ያገኘው ገንዘብ የወላጆቹ ነበር። በ1938 ከሰሳቸው። ተቆጥሮ የተረፈው ወደ 250 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን ለእርሱ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ከሦስት ሚሊዮን ብናሰላው ከመቶ አምስት እንኳን አይሞላም።

በእኛ አገር «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። የኩጋን ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጁ ያቦካው ለራት በቅቶ ተረፈ፣ ራቱን የበሉት ግን ትልልቆቹ ናቸው። ጉዳዩ ሕዝቡን ስላስቆጣ በ1939 የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ አወጣ፤ እስከ ዛሬ «የኩጋን ሕግ» ተብሎ ይጠራል። የመጀመሪያው ሕግ ብዙ ቀዳዳ ነበረው። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ግን ሁለት ነገር ግልጽ አደረገ። አንደኛ፣ ልጅ ሠርቶ ያገኘው ገንዘብ የልጁ ነው። ሁለተኛ፣ ከገቢው 15 በመቶ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማንም በማይነካው ሂሳብ መቀመጥ አለበት።

ይህ ሕግ እኛ ዘንድ አይሠራም፤ የእኛም ሽልማት ከጃኪ ኩጋን ሚሊዮኖች ጋር የሚነጻጸር አይደለም። መርሑ ግን ለመቶ ብርም ለሚሊዮንም ያው ነው። እጅ ያጠራት እናት ልጇ የተሸለመውን ገንዘብ ለቤት ኪራይ ብታውለው ማን ይፈርድባታል? ማንም። ስለዚህ ያንን ፈተና እናትየዋ ላይ አለማምጣት የእኛ ፈንታ ነው።

እኛም ያየነው አለ

የልጆች ዝግጅት ያለ ሽልማት እንደሚደምቅ ለማወቅ ቦሎኛ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል የልጆችን ጊዜ የያዙት ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ አባባ ተስፋዬ ብለን የምንጠራቸው። እርሳቸውም እንደ ቶርቶሬላ የቲያትር ሰው ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ መውጣት ባልለመዱበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ እንደነበር፣ ኮሪያ የዘመተውን ጦር ለማዝናናትም እዚያው ድረስ ሄደው እንደነበር የታወቀ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ አዘነላቸው።

በእርሳቸው ዝግጅት አንደኛና ሁለተኛ አልነበረም። ልጆች ከበው ይቀመጣሉ፤ ተረት ይሰማሉ፤ በመጨረሻም የተረቱ ምክር ይነገራል። ሲጀምሩ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ብለው ልጆቹን የነገ ፍሬዎች ይሏቸው ነበር፤ ሁሉንም በአንድነት። ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ያየን ሁሉ ከፍሬዎቹ እንደ አንዱ ተቆጥረናል። ከመካከላችን የትኛው ፍሬ ይበልጣል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ለቀጣዩ ስብሰባ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ የማቀርበው ሐሳብ ዝግጅቱ ይቅር የሚል አይደለም። ልጅ ሰው ፊት ቆሞ መናገርን መልመዱ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ ለሴቶች ልጆቻችን። ማኅበሩም ገቢ ያስፈልገዋል። የምለው አሠራሩን እናስተካክለው ነው።

አንደኛ፣ ውድድሩ የደራሲዎች ይሁን። ከአባላት መካከል ለልጆች የሚሆን ግጥም፣ ዘፈን ወይም ተረት የሚጽፉ እህቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ዕድል አላገኙም እንጂ። እነርሱ ጽፈው ይወዳደሩ፤ ልጆቹ ያቅርቡላቸው። ሽልማቱም ለጸሐፊዋ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ዳኞቹ ልጆች ይሁኑ። ከአምስት እስከ አሥር ልጆች ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይዘው ቢቀመጡ ይበቃል። ትልቅ ሰው ልጅ ፊት ቆሞ ሂስ አይስጥ።

ሦስተኛ፣ ማንም ልጅ ብቻውን አይቁም። የሚያጅቡት እኩዮቹ ከጀርባው ይኑሩ። ለማጥናት ደግሞ ቢያንስ የሁለት ወር ጊዜና ኃላፊነቱን የምትወስድ አንዲት እህት ያስፈልጋሉ፤ ይህችም እህት ለድካሟ በማኅበሩ ውሳኔ ተገቢው ይከፈላት። የማሪዬሌ ዓይነት ሥራ በነፃ የሚሠራ እየተባለ ሴቶች ላይ ብቻ ሲጫን ኖሯልና።

አራተኛ፣ ለልጆቹ የሚሰጠው ነገር ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ወይም መጽሐፍ። ጥሬ ገንዘብ በልጅ እጅ አይሰጥ። ለጋሽ ለልጆቹ ገንዘብ መስጠት ከፈለገ በየልጁ ስም በተከፈተ የቁጠባ ሂሳብ ይግባ፤ ማኅበሩም ደረሰኙን ለወላጅና ለለጋሽ ይስጥ።

አምስተኛ፣ የትኬቱ ገቢ ምን ላይ እንደሚውል ከመሸጡ በፊት በትኬቱ ላይ ይጻፍ፤ ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ይያዝ፤ በዓሉ ባለፈ በአንድ ወር ውስጥም ገቢና ወጪው በዚህ መጽሔት ላይ ይውጣ። ቦሎኛ ውስጥ ዘፈኑና መመገቢያ ቤቱ በአንድ ግቢ ስለነበሩ ተመልካች ሁለቱን አብሮ ያውቅ ነበር። የእኛም ትኬት የሚገዛ ሰው ልጆቹ ሲዘፍኑ ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ማወቅ አለበት።

እነዚህ አምስት ነጥቦች ለውይይት የቀረቡ ናቸው እንጂ ያለቀላቸው አይደሉም። ልጆች ያሏችሁ እናቶች ከእኔ የበለጠ የምታውቁት ስላለ በስብሰባው ላይ እንድትጨምሩበትና እንድታርሙት እጠይቃለሁ። የወጪ ግምቱንም አዘጋጅቼ ለስብሰባው አቀርባለሁ።